አምቡላንሱ የተላከበት አድራሻ

ሽቦ የሚሏት ቀጥ ብላ የቀጠነች ስለሆነች ነው። ስሙን ያወጡላት የስልክ ማዕከሉ የኬብል ሠራተኞች ናቸው። በመጀመሪያው ሰሞን ከጀርባዋ ነበር የሚጠሯት፤ ውሎ አድሮ ፊት ለፊት ሆነ። እሷም ተቆጥታ ተቆጥታ ሲታክታት «አቤት» ማለት ጀመረች። አሁን ባሏ እንኳ «ሽቦዬ» ነው የሚላት። በዚህ ስም እስከ ዛሬ የሚናደዱት እናቷ ብቻ ናቸው። «ልጄን የአጥር ስም አወጡላት» ይላሉ።

መሐንዲስ ናት። ያን ቅዳሜ የያዘችው ሥራ ሲነገር ቀላል ነው፤ የከተማውን አንድ ሰፊ ሰፈር የቤት ስልኮች ከአሮጌው ማዞሪያ ነቅሎ በኢንተርኔት በኩል እንዲያልፉ ማድረግ። ባለ ስልኩ ምንም አይነካም። ስልኩ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ቁጥሩም ያው ነው። የሚለወጠው ድምፁ ማዕከሉ ከደረሰ በኋላ ነው። እንደ ቀድሞው በሽቦ ላይ ሲንሸራተት ከመሄድ ይልቅ ተቆራርሶ፣ እንደ ኢሜይልና እንደ ፎቶ፣ በኢንተርኔት ይነጉዳል። በሁለቱ መካከል ቆሞ የሽቦውን ቋንቋ ወደ ኢንተርኔት ቋንቋ የሚመልሰው መሣሪያ በወጉ ጌትዌይ ይባላል። ሠራተኞቹ ግን «አስተርጓሚው» ይሉታል።

አስተርጓሚው የቆመው በአሮጌው አዳራሽ ጥግ ነው። አዳራሹ የሞቀ አቧራ ይሸታል። ጣሪያ የሚነኩ የብረት ቁም ሳጥኖች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ውስጣቸው ያለው ማዞሪያ ቀኑን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ሲል ይውላል። ከአዳራሹ ቀጥሎ ማከፋፈያ ክፍሉ አለ። ከከተማው የሚመጣው ሽቦ ሁሉ እዚያ ነው የሚወጣው፤ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ፣ ግድግዳ የሚያህል ብረት ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ታስሯል። የዚያ ክፍል ሹም፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ሐሙስ የቀራቸው፣ ጋሽ ፒንሳ ናቸው። ደረት ኪሳቸው ያለ ፒንሳ ታይቶ አያውቅም።

ጠዋት ሥራው ያለ ኮሽታ ሄደ። ጋሽ ፒንሳና ጓደኞቻቸው የሰፈሩን ጥንዶች ከአሮጌው ማዞሪያ እየፈቱ ወደ አስተርጓሚው ማስገቢያዎች ሰኩ። ሲጨርሱ የማዕከሉ ኃላፊ መጣ። ኃላፊውና ሽቦ አንድ ክፍል የተማሩ፣ ፈተና አብረው ያጠኑ ጓደኛሞች ናቸው፤ ሹመት ቢለያቸውም አንተና አንቺ መባባሉን አልተዉም። «ትልቁን ፈተና በዓይኔ ልየው» አላት። ትልቁ ፈተና የአደጋ ጥሪ ነው። አንድ ሰው ታሞ ወይም ቤቱ ተቃጥሎ የአደጋውን ቁጥር ሲደውል፣ ጥሪ ተቀባዩ ፊት ያለው ስክሪን ላይ የደዋዩ አድራሻ መውጣት አለበት።

ሽቦ ራሷ ጠረጴዛዋ ላይ ካለው ስልክ ደወለች። ድምፁን ሁሉም እንዲሰማው አደረገችው።

«የስልክ ማዕከሉ ሕንፃ፣ ዋናው በር» አለች ጥሪ ተቀባይዋ ጥርት ባለ ድምፅ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። ኃላፊው ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ «እኔ እኮ ድሮም የምኮራብሽ ለዚህ ነው» አላት። ሽቦ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ረፋዱ ላይ ዝናቡ በረታ። የተዛወረው ሰፈር መብራት ጠዋት ጠፍቶ እስካሁን አልመጣም፤ ይሄ ግን ለስልኮቹ አያሳስብም። በሽቦ የሚሠራ ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከማዕከሉ ስለሆነ ቤቱ ቢጨልምም ይሠራል። ሽቦ ይህንኑ ለአንድ አዲስ ሠራተኛ እያስረዳች ሳለ ከውጭ የሳይረን ድምፅ ተሰማ። ድምፁ ቀረበ፣ በጣም ቀረበ፣ ከዚያ በሩ ላይ ቀጥ አለ።

አንድ ነርስ ቦርሳውን በትከሻው አንጠልጥሎ፣ ከዝናቡ እየሮጠ ገባ። «ታማሚዋ የት ናት?»

«የምን ታማሚ?» አለ ጥበቃው ከኋላው እየተከተለ። «ኧረ እዚህ የታመመ የለም ብዬዋለሁ!»

«ከዚህ ነው የተደወለው» አለ ነርሱ። «የስልክ ማዕከሉ ሕንፃ፣ ዋናው በር። ሴት ናት። ወንድሟ ወድቋል።»

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ «የስልክ ቀልድ ይሆናል» ብሎ ሊስቅ ሲል የሽቦን ፊት አይቶ ሳቁን ዋጠው። ፊቷ አመድ መስሏል።

ገብቷታል። አስተርጓሚው የሰውን ድምፅ ሲያሳልፍ የደዋዩን ቁጥር ያስቀርና የራሱን ቁጥር ይለጥፋል። የራሱ ቁጥር የማዕከሉ ቁጥር ነው። ስለዚህ ከዚያ ሰፊ ሰፈር ማንም፣ ከየትኛውም ቤት ለእርዳታ ቢጮህ፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ይሄ ሕንፃ ነው። ጠዋት አድራሻው ልክ የሆነው እሷ የደወለችው ከዚሁ ከማዕከሉ ስለሆነ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ጭብጨባ ለባዶ ነበር።

«ሴትየዋ እዚህ አይደለችም» አለች። «የት እንዳለች ማንም አያውቅም።»

ሞባይሏን አውጥታ የአደጋ ጥሪ ማዕከሉን ደወለች። ያነሳችው ያችው የጠዋቷ ጥሪ ተቀባይ ናት። አሁን ድምጿ ይንቀጠቀጣል።

«‹ወንድሜ ወድቋል፣ እኔንም አዞረኝ፣ ድረሱልን› አለችኝ» አለች። «አድራሻው ስክሪኔ ላይ ስላለ የት ነሽ ብዬ አልጠየቅኳትም! ‹አይዞሽ እህቴ፣ መጡልሽ› አልኳት። ከዚያ ጸጥ አለች።»

«ስልኩ ተዘጋ?»

«አልተዘጋም። በሌላኛው ጆሮዬ ይዤዋለሁ። እጀታው ከእጇ የወደቀ ይመስለኛል። የሞተር ድምፅ ይሰማል… ድግ ድግ ድግ የሚል። ትንፋሽም ያለ ይመስለኛል፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።»

ነርሱ ይህን ሲሰማ ቦርሳውን ከትከሻው አወረደ። «ጄነሬተር ነው። በዚህ ዝናብ ወደ ውስጥ አስገብተውት ይሆናል። በተዘጋ ቤት ከሆነ ጭሱ ነው የጣላቸው። ቶሎ ካላገኘናቸው ሁለቱም አይተርፉም።»

ኃላፊው የሚያቅማማ ሰው አይደለም። «ሁሉንም ወደ አሮጌው ማዞሪያ መልሱ!» ብሎ ጮኸ። «አሁኑኑ! ጋሽ ፒንሳ፣ ይንቀሉት!»

«እንዳይነኩት!» ሽቦ እጇን ዘርግታ በሩ ላይ ቆመች። «ሲመለስ መሥመሮቹ ሁሉ ይቋረጣሉ። የሷም ይቋረጣል። እሷን ለማግኘት ያለን ነገር ያ ክፍት ስልክ ብቻ ነው።»

«ሽቦ፣ ሰፈሩ ሙሉ ሰው አለ! በዚህች ደቂቃ ሌላ ቤት ቢቃጠል እሳት አደጋ እዚህ መጥቶ ነው ውሃ የሚረጨው። ለአንዷ ብለሽ የሁሉንም ሕይወት ልታስይዢ ነው?»

እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ ነው ያንገበገባት። አእምሮዋ ግን ሮጠ። ሞባይሏን ወደ ጆሮዋ መለሰች። «እህቴ፣ ስሚኝ። ለሥራ ባልደረቦችሽ ሁሉ ንገሪልኝ። የእኛን ሕንፃ አድራሻ ይዞ የሚመጣ ጥሪ ሁሉ ውሸት ነው። ስክሪኑን አትመኑ። ደዋዩን የት ነህ በሉት። ገባሽ?»

«ገባኝ። አሁኑኑ።»

ኃላፊውን ቀና ብላ አየችው። «ይሄ ይበቃል?»

ጥርሱን ነከሰ። «አይበቃም» አለ። «ግን ቶሎ በይ። ሌላ አንድ የአደጋ ጥሪ ከመጣ እነቅለዋለሁ። አልለምንሽም።»

ሽቦ የአስተርጓሚው ስክሪን ፊት ቁጭ አለች። ቅዳሜ ነውና ሰፈሩ ወሬ ላይ ነው፤ የተያዙት መሥመሮች ብዙ ናቸው። ወደ አደጋው ቁጥር የሄደው ግን አንድ ብቻ ነው። አገኘችው። ማስገቢያውን አየች፤ ያ ማስገቢያ የማን ስልክ እንደተሰካበት ኮምፒውተሩን ጠየቀች።

ኮምፒውተሩ የሰጣትን ቁጥር ማንበብ አላስፈለጋትም። ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ የምታውቀው ቁጥር ነው። የእናቷ ቤት ስልክ ነው።

እናቷ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ልባቸውን ያማቸዋል። «ሞባይል ዓይኔን ያፈዘዋል» ብለው ያን የቤት ስልክ ሙጭጭ ያሉ ሰው ናቸው። ጥሪ ተቀባይዋን ዘግታ ከሞባይሏ ደወለች። ተይዟል። ደግማ ደወለች። ተይዟል።

«አገኘሽው?» ነርሱ አጠገቧ ቆሟል። አምቡላንሱ ውጭ ሞተሩ አልጠፋም። «ንገሪኝ፣ ልሂድ!»

አድራሻው ምላሷ ላይ ነበር። የእናቷን ቤት ከበር እስከ ጓዳ ታየዋለች፤ እናቷ መሬት ላይ ወድቀው ታዩዋት። እንዳትናገር የያዛት አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቷ ጄነሬተር የላቸውም። ወንድምም የላቸውም። የጎረቤት ጄነሬተር ቢሆንስ? ጥሪ ተቀባይዋ ቃሉን አሳስታ ሰምታ ቢሆንስ? አምቡላንሱን ልካ ቦታው ካልሆነ ግን ሌላዋ ሴት አለቀላት።

«ቆይ» አለችው። «ወንድሜ፣ ትንሽ ቆየኝ።» ወደ ማከፋፈያ ክፍሉ በረረች። «ጋሼ! የእማዬን ጥንድ ያሳዩኝ! ስልኩን ይስጡኝ!»

ጋሽ ፒንሳ ከወገባቸው መፈተሻ ስልኩን ፈቱ። ጫፉ ላይ ሁለት መቆንጠጫ ያለው፣ ሽቦው ላይ ነክሶ የሚያልፈውን ድምፅ የሚያሰማ ስልክ ነው። የሰውን ጨዋታ በሱ ማዳመጥ ነውር ነው፤ ጋሽ ፒንሳ በዚህ ቀልድ አያውቁም። ዛሬ ግን ሳያንገራግሩ ራሳቸው ጥንዱን ፈልገው አስነከሱላት።

ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«…እኔማ ምን ልበላት? ከስታ ከስታ አጥንቷ ሊወጣ ነው። ያ ባሏስ ብይ አይላትም? ትናንት ደግሞ ሥራ አለብኝ ብላ…»

እናቷ ነበሩ። ከታናሽ እህታቸው ጋር እሷኑ እያሟት ነበር።

ሽቦ ብረቱን ደገፍ አለች። ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባት፤ ለሁለቱም ጊዜ አልነበራትም። «እማዬ ደህና ናት። ወሬ ላይ ናት» አለች። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ የሚለውና እርስዎ የሰኩት አንድ አይደለም። ጠዋት ምን ተፈጠረ?»

ሽማግሌው ግንባራቸውን መቱ። «አይ እኔ! አንዱ ማስገቢያ ተሰብሮ ነበር። እሱን ዘለልኩና ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በአንድ ቦታ አሳለፍኩት። ኮምፒውተሩ ላይ ለሚመዘግቡት ልጆች ነግሬያለሁ ብዬ… አልነገርኩም።»

«ወዴት ነው ያሳለፉት? ወደ ታች ነው ወደ ላይ?»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ወደ ታች መሰለኝ… እንጃ ልጄ። ልምልልሽ አልችልም።»

«እንግዲያው ሁለቱንም እንስማ።»

ከእናቷ ጥንድ በታች ያለውን አስነከሱ። ጸጥ ያለ ነው፤ ማንም አልያዘውም። ከላይ ያለውን አስነከሱ።

ድግ ድግ ድግ ድግ።

ከሞተሩ ጀርባ፣ ከሩቅ፣ የጥሪ ተቀባይዋ ድምፅ ይሰማል። «እህቴ… እህቴ ትሰሚኛለሽ? አታንቀላፊ፣ እባክሽ…»

«ይሄ ነው!»

ስሕተቱ በማስገቢያው ነው እንጂ በጥንዱ አይደለም፤ የጥንዱን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ሲያስገቡት አድራሻው ወጣ። ልብስ ስፌት ቤት ነው፤ ገበያው ጀርባ ያለው ረጅም ሕንፃ፣ ምድር ቤት። ነርሱ አድራሻውን ሰምቶ ሳይጨርስ መሮጥ ጀመረ። ኃላፊው የራሱን ሞባይል ለሽቦ ሰጣት፤ ነርሱ እሱ ላይ ደውሎ፣ ሳይዘጋው ስልኩን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ ሽቦም በራሷ ሞባይል ጥሪ ተቀባይዋን መልሳ ያዘች። ሳይረኑ ዝናቡን እየሰነጠቀ ራቀ።

አሁን የቀረው መጠበቅ ነው። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ የአስተርጓሚውን ስክሪን ያያል። ሽቦ የመፈተሻ ስልኩን ከጆሮዋ አላነሳችም። ሞተሩ ይደጋግማል። አንዴ ሳል የመሰለ ነገር ሰማች፤ ከዚያ በኋላ ምንም።

በሞባይሉ የነርሱ ድምፅ መጣ፤ ያለከልካል። «ደርሰናል። እህቴ፣ ጉድ ፈላ! መብራት ስለሌለ ሕንፃው ሁሉ ጄነሬተር ነው። ምድር ቤቱ ጨለማ ነው፤ ኮሪደሩ ግራ ቀኝ በር ብቻ ነው። ቁጥር የለው፣ ጽሑፍ የለው! እዚህ ታች ያሉት ቅዳሜ ስለሆነ ዘግተው ሄደዋል። እያንኳኳን ነው፤ ማንም አይመልስም!»

«የሞተሩን ድምፅ ተከተሉ!»

«የቱን ሞተር? ከላይም ከታችም ይጮሃል! ጆሮዬ ደነቆረ!» በሩ ሲደበደብ ይሰማል። «እዚህስ ጭስ ይሸታል፤ ግን ከየትኛው እንደሚወጣ እንጃ። ስልኩ ይጩህልን! ደውይላቸው!»

መደወል አይቻልም። እጀታው የተነሳ ስልክ አይጠራም። ሽቦ ዓይኗ ተቅበዘበዘ። ከማከፋፈያው ባሻገር፣ ግድግዳው ሥር፣ አሮጌው የመፈተሻ ጠረጴዛ በአቧራ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ከማዞሪያው ጋር አብሮ ሊጣል የተዘጋጀ ነው። እሱ ላይ ሠራተኞቹ «ጯኺው» የሚሉት ቁልፍ አለ። ድሮ ሰው ስልኩን ሳይዘጋ ረስቶ ሲሄድ፣ ያ ቁልፍ ሲጫን፣ እጀታው ራሱ ቤቱን በጩኸት ያናውጠው ነበር። አዲሱ አስተርጓሚ እንዲህ ያለ ነገር የለውም።

ግን ጥንዱን ጠረጴዛው ላይ ለመሰካት ከአስተርጓሚው መንቀል ያስፈልጋል። ሲነቀል የአደጋ ጥሪው ይቋረጣል። ሞተሩም፣ ትንፋሹም፣ የጥሪ ተቀባይዋ ልመናም ያበቃል። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ክንዷን ዘርግታ የከለከለችውን ነገር አሁን በገዛ እጇ ልታደርገው ነው። ጯኺውስ ስንት ዘመን አልተነካም፤ ይሠራ ይሆን?

«ጋሼ፣ ጯኺው ይሠራል?»

«አምና ሞክሬው ጮኋል» አሉ ጋሽ ፒንሳ። «ዛሬን አላውቅም።»

ኃላፊውን አየችው። እሱም ገብቶታል። ይህን ጊዜ አለቃ አልሆነባትም። «የምታውቂው አንቺ ነሽ» አላት ቀስ ብሎ። «ከተሳሳትን ሁለታችን ነን።»

ሽቦ ወደ ራሷ ሞባይል ዞረች። «እህቴ» አለቻት ጥሪ ተቀባይዋን፣ «መሥመሩን ልቆርጠው ነው።»

«እንዴ! አይሆንም! ብቻዋን ልንተዋት?»

«ልጮህላት ነው። አይዞሽ።» ከዚያ፣ «ይንቀሉት ጋሼ» አለች።

ፒንሳው ቀጭ አለ። ድግ ድጉ ጠፋ። የማከፋፈያ ክፍሉ ድንገት ሰፋ፤ የዝናቡ ድምፅ ገባ። ጋሽ ፒንሳ የጥንዱን ጫፍ ይዘው ወደ ጠረጴዛው ጎተቱት፤ መጀመሪያ ሳቱት፣ ከዚያ ሰኩት። ሽቦ ቁልፉን ተጫነች። ትንሿ ቀይ መብራት አልበራችም። እንደገና ተጫነች። አሁንም የለም። በመዳፏ ጠረጴዛውን ደለቀችው፣ አቧራው ቦነነ፣ ሦስተኛ ስትጫን መብራቷ ብልጭ አለች። ጣቷን ሳታነሳ ቆመች።

«ጸጥ በል!» ነርሱ በሞባይሉ ጮኸ፤ ለጓደኛው ነው። «ምንድን ነው እሱ? … ሰማህ? እዚያ፣ ከደረጃው ሥር! የሚጮህ ነገር አለ! ይሄኛው በር ነው! ግፋ! ግፋ!»

ብረት ከብረት ሲጋጭ ተሰማ። አንድ ጊዜ፣ እንደገና፣ ከዚያ የሚያስተጋባ ቋ! ከዚያ ሳል፣ የእግር ኮቴ፣ «አጥፋው ሞተሩን!» የሚል ድምፅ። ከዚያ መሬት ላይ የሚጎተት ነገር። ሽቦ ጣቷ ነጭ እስኪሆን ቁልፉን እንደተጫነች ናት። ኃላፊው ቀስ ብሎ እጇን አነሳላት።

«ሁለት ናቸው» አለ ነርሱ በመጨረሻ። «ሴትና ወንድ። ሁለቱም ይተነፍሳሉ። የወንዱ አያምርም። ግን ይተነፍሳል። እየወጣን ነው።»

ጥሪ ተቀባይዋ በሌላው ሞባይል ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ ይሰማል። ጋሽ ፒንሳ የሚቀመጡበት አጥተው የኬብል ጥቅልል ላይ ቁጭ አሉ። ሽቦ ግን አልተቀመጠችም። «አሁን ንቀሉት» አለች። «ሁሉንም ወደ አሮጌው መልሱት።» የመጀመሪያውን ሶኬት የነቀለችው ራሷ ናት።

በሚቀጥለው ሳምንት ኃላፊው ለበላዮቹ የጻፈው ሪፖርት የራሱንና የሽቦን ስም ይዞ ወጣ። ፈተናው ከማዕከሉ ስልክ ብቻ መደረጉ ስሕተት እንደነበር፣ ሽቦ እንደደወለች፣ እሱም ቆሞ እንዳጨበጨበ ጻፈ። ጋሽ ፒንሳ «የእኔም ይግባበት» ብለው አስጨመሩ። ሥራው ለጊዜው ቆመ። አንዳንዱ ሽቦን በኮሪደር ሲያገኛት ዓይኑን ሰበር ያደርግ ጀመር፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ጀግና ሊያወራላት ፈለገ። ሁለቱንም ጠላችው።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ገልጣ መናገር እንደጀመረች ስትሰማ ሆስፒታል ሄደች። ልብስ ሰፊዋ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ድምጿ ገና ሻካራ ነው። ወንድሟ ቀጥሎ ባለው ክፍል ተኝቷል፤ ይድናል ብለዋል፣ ነገር ግን ሲናገር አሁንም ቃላት ይጠፉበታል። ነርሱ ሽቦን «ያገኘችሽ እሷ ናት» ብሎ አስተዋወቃት። ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘረጋች፤ ሽቦ ግን አልጨበጠችም።

«መጀመሪያ ልንገርሽ» አለች። «አድራሻሽን ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ሥራው የእኔ ነበር። በደንብ አልፈተሽኩትም።»

ሴትየዋ የዘረጋችውን እጇን ብርድ ልብሱ ላይ መለሰችው። ውጭ ተሽከርካሪ አልጋ ሲገፋ ይንሿሿል።

«ልጅቷ መጡልሽ ስትለኝ ጊዜ ነው እኮ የተቀመጥኩት» አለች። «በሩ ሩቅ አልነበረም። እየዳህኩም ቢሆን እደርስ ነበር። ግን መጡልሽ አለችኝ፤ እኔም አመንኩ። ወንድሜን አቅፌ ተቀመጥኩ።»

ሽቦ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «አዎ» አለች ብቻ።

«ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ያንን ጩኸት ነው። በሕልሜ መስሎኝ ነበር። እንዴት ያለ አስቀያሚ ጩኸት ነው!» ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ሳል አቋረጣት። ሽቦ ውሃ ቀዳችላት። ጠጥታ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘችው። «አሁንስ? ስልኮቹን ማዛወሩን ልትተዉት ነው?»

«አንተውም። አሮጌው ማዞሪያ መለዋወጫ እንኳ የለውም፤ አንድ ቀን ዝም ይላል። እንደገና እንጀምራለን። አሁን ግን ከማዕከሉ አይደለም የምንፈትሸው። ቤት ለቤት እየዞርን፣ ከእያንዳንዱ ስልክ ራሳችን እየደወልን ነው።»

«ከእኔም ቤት?»

«ከአንቺም ቤት። ከፈቀድሽ።»

ልብስ ሰፊዋ አሰበች። ይቅር ማለቷን አልተናገረችም፤ ሽቦም አልጠየቀቻትም።

«ወንድሜ ይሻለው፣ በሩንም እናሠራ፤ ከዚያ ትመጫለሽ» አለቻት። «ስትመጪ እኔ ነኝ የምደውለው። አድራሻዬን ልጅቷ ስትናገር በጆሮዬ ልስማው።»

«እሺ» አለች ሽቦ። ብርጭቆውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ ወንድምየውን ልትጠይቅ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄደች።